የእናታችሁን ጉልበት በስልክ እንዴት እናሠራለን?

"እናቴን ጉልበቷን ያማታል። ከደባርቅ ጎንደር መመላለስ አትችልም። የስፖርቱን ቪዲዮ ላክልኝና እኔ አሳያታለሁ።"

ይህ መልእክት በየሳምንቱ ይደርሰኛል። አንዱ ከቆላድባ ይጽፋል፣ አንዱ ከአዘዞ። እዚሁ ማራኪ ሆኖ ዳገቱን የፈራም አለ። እኔ ጎንደር የምሠራ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ለእያንዳንዱ ለየብቻ መመለስ ስላቃተኝ ነው ይህን የጻፍኩት።

ቪዲዮ ብቻውን አልልክም። እናታችሁ ቪዲዮውን ያዩታል እንጂ ቪዲዮው እሳቸውን አያያቸውም። ክትትል ማለት ሲሠሩ የሚያይ፣ ጉልበቱ እንዴት እንዳደረ በማግስቱ የሚጠይቅ፣ መጠኑን የሚጨምርና የሚቀንስ ሰው መኖሩ ነው። ይህ ሰው ስልክ ላይ ሊሆን ይችላል። አውስትራሊያ ውስጥ 394 የጉልበት ሕመምተኞች ላይ ተሠርቶ በ2024 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት አለ። ፊዚዮቴራፒስታቸውን በቪዲዮ ያገኙት ሰዎች በአካል ከተመላለሱት ያላነሰ ለውጥ አግኝተዋል። ቀጠሮውም በ3 ወር ውስጥ 5 ብቻ ነበር። ቀሪውን ሥራ የሠሩት ቤታቸው ነው።

ከዚህ በታች ያለው ለእናንተ ነው፤ ስልኩን ለምትይዙት ልጆች፣ የልጅ ልጆች፣ ጎረቤቶች። አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ከሆናችሁ እቤት የሚኖር አንድ ሰው ምረጡ። አሥረኛ ክፍል የደረሰች የጎረቤት ልጅ ትበቃለች። ሥራዋ ማየት፣ መቁጠርና መጻፍ ነው።

1. መጀመሪያ አንድ ጊዜ በአካል ይታዩ

ጉልበት ያመመው ሁሉ በሽታው አንድ አይደለም። "ሪህ" በምንለው ስም ውስጥ ብዙ በሽታ ተጠቅልሎ ይኖራል። እዚህ የማወራው ስለ ኦስቲዮአርትራይተስ ነው። የመገጣጠሚያው ልስልስ አጥንት ይሳሳል፣ ዙሪያውን የሚደግፉት ጡንቻዎች ደግሞ ይደክማሉ። ብዙውን ጊዜ ዕድሜያቸው ከ45 በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ ይታያል። ሕመሙ ሲንቀሳቀሱ ይብሳል፣ ሲያርፉ ቀለል ይላል። ጠዋት ጉልበቱ ይያዛል፤ ግን በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይፍታታል።

ምልክቱ እንዲህ ግልጽ ከሆነ ራጅ የግድ አይደለም። ራጁ በጣም የተጎዳ መስሎ ብዙም የማያም ጉልበት አለ። ራጁ ደህና ሆኖ እንቅልፍ የሚነሳም አለ። በእጅ ነክቶ ብቻ የሚታወቅ ነገር ግን አለ። ውኃ መቋጠሩን በጣቴ ነክቼ ነው የማውቀው። ዳሌ ታሞ ጉልበት ላይ የሚሰማበት ጊዜም አለ፤ ይህን ስልክ አይነግረኝም። በዚያው ቀን ደም ግፊታቸው ይለካ፣ የሚወስዱት መድኃኒትም ይጻፍ።

ማስጠንቀቂያ። ከእነዚህ አንዱ ካለ ስፖርት አታስጀምሩ፤ ወደ ሐኪም ውሰዷቸው፦

- ጉልበቱ ቀልቶ፣ ግሎ፣ አብጦ ትኩሳት ካለ። መገጣጠሚያው ውስጥ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል ለነገ አይባልም።
- ወድቀው እግሩን መርገጥ ካቃታቸው።
- አንደኛው ባት በድንገት ካበጠና ካመመ። የደም መርጋት ሊሆን ይችላል። በዚህ ላይ ትንፋሽ ካጠራቸው ወይም ደረታቸውን ከወጋቸው ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል።
- ጉልበቱ ተቆልፎ አልታጠፍ ወይም አልዘረጋ ካለ።
- ሌሊት ሲያርፉም የማይለቅ ሕመም ካለ፣ ወይም ሳያስቡት ከከሱ።

በተለይ ያበጠና የጋለ ጉልበት ይዛችሁ ለመታሸት ወጌሻ ቤት አትሂዱ።

2. ዕቃዎቹን አዘጋጁ

ገዝታችሁ የምታመጡት ነገር የለም ማለት ይቻላል።

- መደገፊያ ያለው፣ ጎማ የሌለው ጠንካራ ወንበር። ከመሬት እስከ መቀመጫው ከ43 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ይሁን። በልብስ ሰፊ ሜትር ለኩት። ጀርባው ግድግዳ ይንካ፤ እንደ ቀልድ የሚንሸራተት ወንበር ስንት ሰው ጥሏል።
- አንድ ትራስ ወይም የታጠፈ ጋቢ፣ ወንበሩን ከፍ ለማድረግ።
- የተጠቀለለ ፎጣ።
- መቀነት፣ ባት ለመሳብ።
- ካልሲና ግማሽ ኪሎ ምስር ወይም ሽምብራ። ይህ የኋላ የኋላ ክብደት ይሆነናል።
- አልጋ ወይም ፍራሽ። መሬት ላይ ምንጣፍ አንጥፋችሁ አታስተኟቸው። መነሣቱ ራሱ ከስፖርቱ ይከብዳቸዋል።
- ደብተርና እስክሪብቶ።
- ቻርጅ የሞላ ስልክ። መብራት የሚሄደው ልክ በቀጠሮው ሰዓት ነው።

ስለ ልብስ አንድ ነገር ልበል። ረጅም ቀሚስ ለብሰው ከቆሙ ጉልበታቸውን አላይም። ለወንድ ባለሙያ እግር መግለጥ ደግሞ ብዙ እናቶችን ያሳፍራቸዋል፤ ትክክልም ናቸው። መፍትሔው ታይት ወይም ጠበብ ያለ ሱሪ ነው። ከላይ ቀሚሱን እስከ ጉልበት ሰብሰብ ያደርጉታል። ይህን አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ካሜራው ፊት ሲደርሱ ከሆነ የምትነግሯቸው ቀጠሮው በክርክር ያልቃል።

ጫማው ተረከዙን የሚይዝ፣ የማይንሸራተት ይሁን። ነጠላ ጫማ አይሆንም።

3. ስልኩን በትክክል አስቀምጡ

ብዙ ቀጠሮ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ስልኩን በእጅ ይዛችሁ ከላይ ስታሳዩኝ የማየው ሻሽ ብቻ ነው።

ስልኩን በአግድም አድርጋችሁ በርጩማ ላይ አቁሙት፣ በጉልበት ቁመት ልክ። ከኋላው ጠርሙስ ወይም ጣሳ ይደግፈው። ከእናታችሁ ከ2 እስከ 3 ሜትር ይራቅ። ከእግር ጣት እስከ ራስ መታየት አለባቸው። መስኮቱ ከስልኩ ጀርባ ይሁን፤ ከእሳቸው ጀርባ ከሆነ ጥላ ብቻ ነው የሚታየኝ።

ከወንበር ሲነሱ መጀመሪያ ከጎን፣ ቀጥሎ ከፊት አሳዩኝ። ከጎን ስንት እንደሚያጎነብሱና ሲቀመጡ ዱብ ማለት አለማለታቸውን አያለሁ። ከፊት ደግሞ ጉልበቶቻቸው ወደ ውስጥ ይጋጩ እንደሆነ አያለሁ። አንዱ ሌላውን አይተካም።

ድምፁን ስፒከር ላይ አድርጉት። ጆሮ ከከበዳቸው እናንተ ደግማችሁ ንገሯቸው። በራሳችሁ አትጨምሩበት ብቻ።

4. መነሻውን መዝግቡ

የት እንደነበሩ ካልጻፋችሁ ለውጥ መጣ አልመጣ ማወቅ አትችሉም። ሦስት ነገር ይበቃል።

ሀ. የወንበር ቆጠራ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ ያጣምሩ። በ30 ሴኮንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ሙሉ በሙሉ ቆመው እንደሚቀመጡ ቁጠሩ። ከጎናቸው ቁሙ። ያለ እጅ ድጋፍ አንድም ጊዜ መነሣት ካቃታቸው 0 ብላችሁ ጻፉ። ከዚያ በእጅ ተደግፈው የቻሉትን ለብቻው መዝግቡ። 0 ማፈሪያ አይደለም፣ መነሻ ነው።

ለ. የሕመም ቁጥር። 0 ማለት ምንም፣ 10 ማለት የመጨረሻው። ቁጥር ካደናገራቸው በአሥሩ ጣታቸው ያሳዩ።

እዚህ ላይ የእኛ አገር ጨዋነት ያስቸግረናል። "እንዴት ነዎት?" ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ "ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ነው። ጉልበታቸው እሳት ሆኖ አድሮም መልሱ ያው ነው። ስለዚህ ጥያቄውን ቀይሩት። "ማታ ሲገላበጡ ቀስቅሶዎታል?" "ዛሬ ከመጸዳጃ ቤት ሲነሱ ምን ያዙ?" "ቤተ ክርስቲያን እስከ ስንት ሰዓት ቆሙ?" ሥራ ስትጠይቁ እውነቱ ይወጣል።

ሐ. ያቃታቸው አንድ ነገር። ቅዳሴ ላይ መቆም ይሆን፣ ቅዳሜ ገበያ ደርሶ መመለስ፣ ቡና ለማፍላት በርጩማ ላይ መቀመጥ? አንዱን ይምረጡ። በ12 ሳምንት ውስጥ የምንሄደው ወደዚያ ነው።

5. እንቅስቃሴዎቹ

በሳምንት 3 ቀን፣ በመሀል ቢያንስ አንድ ቀን እየተረፈ። ጡንቻ የሚጠነክረው ከሥራው በኋላ ባለው ዕረፍት ነው። ለብዙዎቹ ማክሰኞ፣ ሐሙስና እሑድ ከሰዓት ተስማምቷቸዋል። ቅዳሜ ገበያ አለ፣ ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው። ስኳር ያለባቸውና መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ በባዶ ሆድ አያሠሯቸው፤ ራሳቸውን ሊስቱ ይችላሉ።

ሁሉንም ሲሠሩ ጮክ ብለው ይቁጠሩ። ትንፋሽ አምቆ መግፋት ደም ግፊት ከፍ ያደርጋል። የሚቆጥር ሰው ደግሞ ትንፋሹን ማመቅ አይችልም።

ፎጣ መጫን። አልጋ ላይ እግራቸውን ዘርግተው ይቀመጡ ወይም ይተኙ። የተጠቀለለውን ፎጣ ከጉልበቱ ሥር አድርጉ። የእግር ጣታቸውን ወደ ራሳቸው ስበው ፎጣውን በጉልበታቸው ወደ ታች ይጫኑ። እስከ 5 ይቁጠሩ፣ ይልቀቁ። 10 ጊዜ። እናንተ የምታዩት ከጉልበት ሎሚ በላይ ያለው የጭን ጡንቻ ሲወጠር ነው። እጃችሁን አስቀምጡበት፣ ጠንከር ይላል። ካልጠነከረ የሚገፉት በዳሌያቸው ነው። ይህን ጡንቻ የምንፈልገው ሲረግጡ ጫናውን ከአጥንቱ ላይ ስለሚቀበል ነው።

ቀጥ ያለ እግር ማንሣት። በጀርባቸው ይተኙ። ደህነኛውን እግር አጥፈው ይርገጡ፤ ይህ ወገባቸውን ያድናል። የታመመውን ቀጥ አድርገው አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ያንሡ። እስከ 3 ቆጥረው በዝግታ ያውርዱ። 8 ጊዜ፣ 2 ዙር። ጉልበቱ መሀል ላይ እጥፍ ካለ ገና ነው፤ ለአንድ ሳምንት ወደ ፎጣው ተመለሱ።

ከወንበር መነሣት። ሌላው ሁሉ ቢቀር ይህ አይቅር። መጸዳጃ ቤትም፣ ታክሲም፣ ቤተ ክርስቲያንም ያለው እንቅስቃሴ ይኸው ነውና። ወንበሩ ጫፍ ላይ ይቀመጡ። ተረከዛቸውን ወደ ኋላ ትንሽ ይሳቡ። ደረታቸውን ወደ ፊት አዘንብለው ይነሡ። ሲቀመጡ ሦስት እየቆጠሩ፣ ቀስ ብለው። 8 ጊዜ፣ 2 ዙር። ከከበዳቸው ትራሱን ጨምሩ፤ ወንበሩ ከፍ ባለ መጠን ጉልበት ላይ ያለው ጫና ይቀንሳል። ሲቀላቸው ትራሱን አንሡ።

ሁለት ነገር ተመልከቱ። ጉልበቱ ከሁለተኛው የእግር ጣት ጋር በአንድ መስመር ይሂድ፣ ወደ ውስጥ አይግባ። ሌላው ደግሞ ክብደታቸው በሁለቱም እግር እኩል ይረፍ። የለመደ ሰው ሳያውቀው በደህነኛው እግር ነው የሚነሣው። እንዲህ ከሆነ ለወራት ሠርተው የጠነከረው ደህነኛው እግር ይሆናል።

ተረከዝ ማንሣት። ጠረጴዛ ይዘው ቆመው በእግር ጣታቸው ከፍ ይበሉ። 10 ጊዜ፣ 2 ዙር።

እግር ወደ ጎን። ጠረጴዛ እንደያዙ አንዱን እግር ወደ ጎን ያውጡ፣ ይመልሱ። በእያንዳንዱ እግር 8 ጊዜ። ደረታቸው ወደ ሌላው ጎን ከተንጋደደ አበዙት ማለት ነው፤ ትንሽ ብቻ ያውጡ። የዳሌው ጎን ጡንቻ ሲደክም ጉልበት ወደ ውስጥ ይወድቃል፤ የምንሠራው ለዚህ ነው።

ባት መሳብ። ተቀምጠው መቀነቱን በእግራቸው መዳፍ ዙሪያ ያድርጉና ወደ ራሳቸው ይሳቡ። 30 ሴኮንድ፣ 2 ጊዜ። ይህ በየቀኑ ቢሆን ይመረጣል።

እርምጃ። ስፖርት በማይሠሩበት ቀን ሜዳ ላይ 10 ደቂቃ። በየሳምንቱ 2 ወይም 3 ደቂቃ ጨምሩ። ጎንደር ላይ ሜዳ መፈለግ ራሱ ስፖርት ነው፤ አውቃለሁ። ግቢ ውስጥ መመላለስም ይቆጠራል። ለጉልበት ከዳገት ይልቅ ቁልቁለት ይብሳል። ቁስቋም በእግር ወጥተው ሲመለሱ የሚያነክሱት ለዚህ ነው። ሲወጡ ይውጡ፣ ሲወርዱ ባጃጅ ይያዙ።

6. የሕመሙን ሕግ ያዙ

ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምታስታውሱ ከሆነ ይህን አስታውሱ።

ሲሠሩ ትንሽ ማመሙ ጉልበቱ ተጎዳ ማለት አይደለም። ከ0 እስከ 2 ከሆነ በደስታ ቀጥሉ። ከ3 እስከ 5 ከሆነም ቀጥሉ፤ ግን አትጨምሩ። ከ5 ካለፈ እዚያው አቁሙና የሚቀጥለውን በግማሽ ሥሩ።

ሁለተኛው ፈተና ማግስቱን ነው። በ24 ሰዓት ውስጥ ሕመሙ ወደ ነበረበት ከተመለሰ መጠኑ ልክ ነበር። ካልተመለሰ ወይም ጉልበቱ ካበጠ በዝቶባቸዋል። የሚቀጥለውን ቀን ዙሩን በግማሽ ቀንሱ። ጨርሶ ማቆም ግን አያስፈልግም።

"ጉልበትሽ አልቋል፣ አርፈሽ ተቀመጪ" የተባሉ እናቶች ይህን ለመቀበል ይከብዳቸዋል። እንዲህ እላቸዋለሁ፦ ልስልስ አጥንት የደም ሥር የለውም። ምግቡን የሚያገኘው ሲጫኑትና ሲለቁት ነው፣ እንደ ስፖንጅ። ዝም ብሎ የተቀመጠ ጉልበት ይራባል።

የእኔንም ጥፋት ልንገራችሁ። አንዲት እናት ነበሩኝ። ከወንበር መነሣቱን በስልክ አሳየኋቸው፤ ስንት ጊዜ እንደሆነ ግን በትክክል አልነገርኩም። ልጃቸው "በበዛ ቁጥር ይሻላል" ብሎ በአንድ ከሰዓት ዘጠና ጊዜ አስነሣቸው። ጉልበታቸው አብጦ አራት ቀን ተኙ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩን ደብተር ላይ ሳላስጽፍ ስልክ አልዘጋም። እናንተም ባለሙያው ቁጥር ካልነገራችሁ ሳትጠይቁ አትዝጉ።

7. ደብተሩ ላይ ምን ይጻፋል?

በየቀኑ አንድ መስመር። እንዲህ፦

"ማክሰኞ። ወንበር 8፣ 8። እግር ማንሣት 8፣ 6። ሲሠሩ ሕመም 4። ማግስቱን 2። እብጠት የለም።"

በሳምንቱ መጨረሻ ገጹን ፎቶ አንሥታችሁ በቴሌግራም ላኩልኝ። ከሱ ጋር ከወንበር ሲነሱ የተቀረጸ ቪዲዮ አንድ ይበቃል፣ ከ30 ሴኮንድ ያልበለጠ። የሰባት ደቂቃ ቪዲዮ አትላኩ። እናንተም ካርድ ትጨርሳላችሁ፣ እኔም አልጨርሰውም።

ፎቶውና ቪዲዮው ለባለሙያው ብቻ ነው። የቤተሰብ ግሩፕ ውስጥ ከመጣላችሁ በፊት እሳቸውን ጠይቁ።

የስልክ ቀጠሮው ሲጀመር ጠበቅ ይላል፣ በኋላ ይላላል። እኔ በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት በሳምንት ሁለቴ እደውላለሁ። እስከ 6ኛው ሳምንት በሳምንት አንዴ፣ ከዚያ እስከ 12ኛው በየ15 ቀኑ። መጀመሪያ ላይ ጥሪው የሚበዛው ስህተት እንዳይለመድ ነው።

8. ኔትወርክ ሲጠፋ

ይጠፋል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ሁለተኛ መንገድ ይኑር።

ቪዲዮው ከተቆራረጠ ዘግታችሁ በተራ ጥሪ ደውሉ። እናታችሁ ሲሠሩ ጮክ ብለው ይቁጠሩ፣ እኔ አዳምጣለሁ። ከቆጠራው ብዙ ነገር ይሰማኛል። "አንድ… ሁለት… ሦስት" እኩል ከሄደ ፍጥነቱ ልክ ነው። ስድስት ላይ ቆጠራው ከተጎተተ ደክመዋል። ወንበሩ ጓ ካለ ዱብ ብለው ተቀምጠዋል።

ስልክም ካልሠራ ያለፈውን ሳምንት መጠን እንዳለ ይድገሙ። ባለሙያ ሳያይ አትጨምሩ። የሕመሙ ሕግ ግን ሰው ባይኖርም ይሠራል፤ ከ5 ካለፈ ቀንሱ።

9. መጨመር መቼ?

ከተባለው ቁጥር በላይ 2 ተጨማሪ መሥራት ከቻሉ፣ ያውም በተከታታይ ሁለት ቀን፣ ሕመሙም ከ5 ካላለፈ ጊዜው ደርሷል። አንድ ነገር ብቻ ጨምሩ። ወይ ቁጥሩን ከ8 ወደ 10፣ ወይ ዙሩን ከ2 ወደ 3፣ ወይ ክብደት። ሁሉን በአንዴ ከጨመራችሁና ጉልበቱ ካበጠ ጥፋተኛው የቱ እንደሆነ አይታወቅም።

ክብደቱ ያ የምስሩ ካልሲ ነው። አፉን አጥብቃችሁ ቋጥሩና ቁርጭምጭሚታቸው ላይ እሰሩት። ግማሽ ኪሎ ለእግር ማንሣቱ ይበቃል።

ከ5ኛው ሳምንት ገደማ ደረጃ መውጣት እንጨምራለን። ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያላት አንዲት ደረጃ ትበቃለች፤ ግድግዳ ይዘው። ሲወጡ ደህነኛው እግር ይቅደም፣ ሲወርዱ የታመመው። ይህ ለቤት ደረጃም ያገለግላል። ለስፖርቱ ግን፣ ሲጠነክሩ፣ ሆን ብለን በታመመው እግር እናስወጣቸዋለን።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሕመሙ ትንሽ ሊጨምር ይችላል። ልዩነቱ የሚሰማቸው አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ላይ ነው። ይህን አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ በሦስተኛው ሳምንት "አልረባኝም" ብለው የሚያቆሙት ብዙ ናቸው።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

ምርኩዝ በታመመው ጉልበት በኩል መያዝ። በተቃራኒው እጅ ነው የሚያዘው። ቀኝ ጉልበት ከታመመ ግራ እጅ ይያዘው። ያኔ ምርኩዙና የታመመው እግር አብረው ይረግጣሉ፣ ክብደቱም ይከፈላል።

ተኝተው ሲያርፉ ከጉልበት ሥር ትራስ ማድረግ። ይመቻል፤ ግን በዚያው ታጥፎ ሲያድር መዘርጋት ያቅተዋል።

ዝቅተኛ በርጩማ። ቡናውን አታስተዋቸው፤ ጠብ ነው የሚሆነው። ረከቦቱን ጠረጴዛ ላይ አድርጉና ወንበር ስጧቸው።

ስግደት። በየሑዳዴው የምጠየቀው ነው። ጉልበቱ ባበጠበት ሰሞን ወድቆ መነሣት ይከብደዋል። የንስሐ አባታቸውን ያማክሩ፤ ቆመው ጎንበስ በማለት ሊፈቅዱላቸው ይችላሉ። የሙስሊም እናቶችም ወንበር ላይ ሆነው መስገድ ይችላሉ።

ማስታገሻ ውጦ መሥራት። ዳይክሎፌናክን የመሰሉ ክኒኖች ሐኪም ሳያዝ በየቀኑ ከተዋጡ ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳሉ፣ ደም ግፊትም ከፍ ያደርጋሉ። በጾም ባዶ ሆድ ላይ ደግሞ ለጨጓራ የባሰ ነው። በዚያ ላይ ሕመሙን ስለሚሸፍኑት የሕመም ቁጥሩን ማመን አይቻልም። ሐኪም ያዘዘላቸው ከሆነ አታስቋርጧቸው፤ የወሰዱበትን ሰዓት ብቻ ደብተሩ ላይ ጻፉ።

ክብደትን መርሳት። ወፈር ካሉ የሚቀንሷት እያንዳንዷ ኪሎ በየእርምጃው ከጉልበታቸው ላይ ወደ 4 ኪሎ የሚጠጋ ጫና ታነሣለች። ዘይቱንና ስኳሩን መቀነስ ከዚህ ይጀምራል።

ታማሚውን መሳብ። ከወንበር ሲነሱ ክንዳቸውን ይዛችሁ አትጎትቱ። ሥራውን የሠራችሁት እናንተ ትሆናላችሁ። ከጎን ቁሙ፣ እጃችሁ ከወገባቸው አካባቢ ይጠብቅ፣ ሊወድቁ ካልሆነ አትንኩ።

10. 12ኛው ሳምንት ላይ

ያንኑ ወንበር፣ ያንኑ ጫማ፣ ያንኑ 30 ሴኮንድ። ቁጠሩና ከመጀመሪያው ቀን ቁጥር ጎን ጻፉት። ትራስ ተጨምሮ ከነበረና አሁን ከሌለ እሱንም ጻፉ፤ ቁጥሩ ባይጨምር እንኳ ያ ለውጥ ነው። ከዚያ መጀመሪያ የመረጡትን ነገር ጠይቋቸው። ቅዳሴውን ቆመው ጨረሱ? ገበያ ደርሰው መጡ?

ቁጥሩ ከጨመረ ስፖርቱ በሳምንት 2 ቀን ይቀጥላል፣ እኔም በወር አንዴ እደውላለሁ። ጨርሰው ካቆሙ ጡንቻው በጥቂት ወራት ውስጥ ተመልሶ ይደክማል፣ ሕመሙም አብሮ ይመለሳል።

በትክክል ሠርተው ቁጥሩ ንቅንቅ ካላለ፣ ወይም ሕመሙ ከመነሻው ከባሰ በስልክ አንቀጥልም። አንድ ቀን መርጣችሁ ይዛችኋቸው ኑ። ታይቱን አልብሷቸው፣ መድኃኒታቸውን በፌስታል ያዙ፣ ደብተሩንም አትርሱ።